ለአንዲት ነጥብ ሰው ይከሰሳል?

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ለእኔም ኖሯል! ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ስለ ሌላው ለማውራት አይደለም፤ ስለ ራሴ ጥፋት ለመመስከር ነው። እርግጥ ነው፣ በእንዲህ ያለ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወደ ላይ ነው። ወደ ሹሙ፣ ወደ ባለሥልጣኑ፣ ወደ ቢሮክራሲው። ቢያንስባቸው እንጂ አይበዛባቸውም። ነገር ግን አንዳንዴ ጣትን ወደ ራስ መመለስም የወግ ነው። በእኔ እጅ ጥፋት አንድ ገና ሃያ አምስት ያልሞላው ልጅ «አሻጥረኛ» ተብሎ ደብዳቤ ተጽፎበታል። ይህን በሆዴ ይዤ ስለ ፍትሕ ብጽፍ ማን ይሰማኛል?

አሻጥር! ይቺን ቃል የዕድሜ እኩዮቼ በደንብ ያውቋታል። በደርግ ጊዜ «የኢኮኖሚ አሻጥር» ተብሎ ስንቱ ነጋዴ እንደተጋዘ፣ ስንቱም እንደተረሸነ የማያስታውስ ካለ አባቱን ይጠይቅ። ደርግ ሄደ፤ ቃሏ ግን ቀረች። ዛሬም አንድ ማሽን ሲበላሽ «ምኑ ተበላሸ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። «ማን አበላሸው?» የሚለው ግን ሞልቷል።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በአንድ የትምህርት ተቋም የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ተቋሙን በስም አልጠራውም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሥራዎቼ አንዱ የተቋሙን የስም ሰርቨር መጠበቅ ነበር።

ለመሆኑ ይህ «የስም ሰርቨር» የሚባለው ምንድን ነው? ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ልንገረው፤ የሚያውቀው ይታገሰኝ። ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። ሰው ደግሞ ቁጥር አይሆንለትም። እስቲ በሰፈራችሁ «የቤት ቁጥር 427 የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ማንም አያውቀውም። «የእማማ እገሊት ጠላ ቤት» ካላችሁ ግን ሕፃኑም እጃችሁን ይዞ ያደርሳችኋል። የስም ሰርቨር ማለት ያ እጅ ይዞ የሚያደርስ ልጅ ማለት ነው። ስም ትሰጡታላችሁ፣ ቁጥር ይሰጣችኋል። በቃ።

ቀድሞ ነገሩ ቀላል ነበር። ኢንተርኔት ገና በእግሩ ሳይቆም የኮምፒዩተሮቹ ሁሉ ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል ላይ ተጽፎ ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የምርምር ተቋም ይቀመጥ ነበር። ሌላው ሁሉ ከዚያ ይገለብጣል። እንደ እድር መዝገብ መሆኑ ነው። አባላቱ ሲበዙ መዝገቡ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሳይንቲስት ዛሬ «ዲኤንኤስ» የምንለውን ሥርዓት ነደፈ። ሐሳቡ ሥልጣንን ማከፋፈል ነው፤ ልብ በሉ፣ በወረቀት ሳይሆን በተግባር! ከሁሉም በላይ «ሥር» የሚባሉ፣ ከኤ እስከ ኤም የተሰየሙ 13 አሉ። እነሱ የማንንም ቤት አያውቁም። የሚያውቁት «ነጥብ ኮምን እገሌን ጠይቅ፣ ነጥብ ኢቲን እገሌን ጠይቅ» ማለት ብቻ ነው። ነጥብ ኢቲ የተባለውን የአገራችንን ስም የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። እሱም ቢሆን የእያንዳንዱን መሥሪያ ቤት ዝርዝር አይዝም፤ «የዚህን ድርጅት ነገር የራሱን ሰርቨር ጠይቁ» ብሎ ይመራል። ክፍለ ከተማ ወደ ወረዳ እንደሚመራው ማለት ነው። ልዩነቱ ይሄኛው የሻይ አይጠይቅም፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አይልም፣ መልሱም ዓይን ሳይርገበገብ ይደርሳል።

እኛ ጋ ሁለት የስም ሰርቨሮች ነበሩ። ዋናው በዋናው ግቢ፣ ረዳቱ በቅርንጫፉ ግቢ። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንዲሉ፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲመልስ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት «ባይንድ» በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተጀመረውና እስከ ዛሬም ዓለም በሚጠቀምበት ፕሮግራም ነው። ዋናው ዝርዝሩን ከፋይል ያነባል፤ ረዳቱ ከዋናው እየቀዳ ይይዛል።

አንድ አርብ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ለረዳቱ ሰርቨር አዲስ ስም ለመስጠት የዋናውን ፋይል ከፍቼ አንድ መስመር ቀየርኩ። በዚህ ፋይል ውስጥ ስም በሙሉ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ነጥብ ይደረጋል። ነጥቧ «ስሙ እዚህ ላይ አልቋል» ማለቷ ናት። ነጥቧ ከሌለች ፕሮግራሙ ስሙ ያላለቀ ይመስለውና የተቋሙን ስም ከኋላው ይቀጥልበታል። «አበበ ከበደ» የነበረው «አበበ ከበደ ከበደ» ሆኖ ይመዘገባል እንደ ማለት ነው። የምትፈልጉትን አበበን በዚህ ስም አገር ብታስሱ አታገኙትም።

እኔ ያቺን ነጥብ ረሳኋት።

ፋይሉን አስቀመጥኩ፤ ሰርቨሩ እንዲያነበው ግን አላዘዝኩም። «ሰኞ አደርገዋለሁ» ብዬ ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ። ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ነበራ! ሰኞ ደግሞ ሌላ ጉዳይ መጣና ነገሩ ከነጭራሹ ከልቤ ወጣ።

ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፋ። ተረኛው ይህ ዛሬ የምጽፍለት ልጅ ነበር። ቤቱ ሄዶ መተኛት ሲችል በገዛ ኪሱ ታክሲ ተሳፍሮ፣ በዝናብ መጥቶ፣ መብራቱ ሲመለስ ዋናውን ሰርቨር አስነሳው። ሰርቨሩም ሲነሳ እኔ አርብ የተውኩትን ፋይል አነበበ። ሰርቨር የተባለለት ስም አድራሻ የሌለው ሆኖ አገኘው። «ይህን አልቀበልም» ብሎ የተቋሙን ዝርዝር ሳይጭን ቀረ። ይህንኑም በመዝገቡ ላይ በአንድ መስመር ጽፎ አኖረ። ማን ያንብበው? ማሽኑ በርቷል፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ማራገቢያው ይዞራል፤ ደህና ነው ተባለ።

ጉዱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል ምንም ነገር አልታየም። ለምን? ዋናውን የጠየቀ ሁሉ «አልቻልኩም» ሲባል ወደ ረዳቱ ይዞራል፤ ረዳቱም የቀድሞውን ትክክለኛ ዝርዝር ይዞ ይመልሳል። ነገር ግን ረዳት የያዘው ግልባጭ ዕድሜ አለው። ዋናው ለረጅም ጊዜ ካልመለሰለት «ይህ መረጃ አርጅቷልና በእሱ አልምልም» እንዲል በፋይሉ ራስጌ ላይ ቀነ ገደብ ይጻፋል። የእኛው 604,800 ሴኮንድ ነበር። ቁጭ ብላችሁ ብታሰሉት ልክ ሰባት ቀን ነው። ረዳቱ ሳምንቱን ሙሉ የዋናውን በር ሲያንኳኳ ከረመ። የሚከፍትለት ሲያጣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ እሱም ዝም አለ።

ያን ቅዳሜ ተረኛው ማን ነበር? ያው ልጅ!

ድረ ገጹ ጠፋ፤ ኢሜይሉ ጠፋ። ይባስ ብሎ የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ የሚያበቃው ሰኞ ነው። ደግሞ ለአንዱ ይከፍትለታል ለሌላው አይከፍትለትም። ይህም ምክንያት አለው። በየመንገዱ ያሉ ሰርቨሮች አንዴ የሰሙትን መልስ ለተወሰነ ሰዓት ይዘው ይቆያሉ፤ «ካሽ» ይሉታል። ትናንት የሰማ ዛሬም ያስታውሳል፣ አዲስ የጠየቀ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ምን ይላል? «ሆን ብለው እየመረጡ ነው የዘጉት!»

ሰኞ ጠዋት ግቢው በወሬ ተናጠ። አንዱ «መንግሥት ዘጋው» አለ። ሌላው «ቴሌ ነው፣ ቴሌ ምን ጊዜም እንደዚሁ ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የውስጥ እጅ አለበት» አለ። የምዝገባ ወረፋው እስከ ጠላ ቤቱ ደርሷል። ከክፍለ ሀገር ሌሊቱን በአውቶቡስ የተጓዘች አንዲት እናት ልጇን ይዛ አጥሩ ሥር ተቀምጣ «ዛሬ ካልተመዘገበ ምን እሆናለሁ?» ስትል ሰምቻታለሁ።

ኃላፊያችን ምን አደረጉ? ባለሙያ ጠርተው «ምኑ ነው የተበላሸው?» አሉ? የለም። ግምገማ ጠሩ!

«ባለፈው ቅዳሜ ሰርቨሩን የነካው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። መብራት ጠፍቶ ነበርና አስነሳሁት» አለ ልጁ።

«የአሁኑ ቅዳሜስ ተረኛ ማን ነበር?»

«እኔው ነኝ።»

«ታዲያ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?» ብለው ወደ እኛ ዞሩ።

እኛም ጎንበስ አልን። ወደ ጠረጴዛው ነው ያየነው። ከሁሉ አስቀድሜ እኔ! በዚያ ሰዓት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ይህን የምለው ግን ለማምለጥ አይደለም። ማሽን ማስነሳትና ማሽን ማበላሸት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚያ ክፍል ውስጥ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ችግሩን እንየው» ማለት ማንን ገደለ? አላልኩም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነውና ነገሩ፣ ኃላፊውን ፈርተን ልጁን አስበላነው።

ከግምገማው በኋላ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ እኔ ሰርቨሩ ክፍል ገባሁ። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ሥራ የተናገሩት ይመስለኛል። ያን ማታ ያደረግኩትን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ፤ ምናልባት ነገ የእናንተም መሥሪያ ቤት እንዲህ ሲሆን ሰው ከመክሰሳችሁ በፊት ይጠቅማችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ የጠየቅኩት «የጠፋው ስሙ ነው ወይስ መንገዱ?» ብዬ ነው። ድረ ገጹ ያለበትን ማሽን በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ጠራሁት። ወዲያው መለሰ። እንግዲህ መንገዱ ደህና ነው፤ የታመመው ስሙ ነው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግምገማው የፈጀው ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር።

ቀጥዬ ዋሽንግተን ላለች የአክስቴ ልጅ ደወልኩ። «እስቲ ይከፍትልሻል?» አልኳት። «እዚህም አይከፍትም፣ ምን ሆናችሁ?» አለችኝ። ይቺ ትልቅ ምርመራ ናት። ውጭ አገር የሚከፍት፣ አገር ውስጥ ግን የማይከፍት ከሆነ በመካከል ያለ እጅ ይጠረጠራል። የአገሩ መስመር በጠቅላላ ሳይቆረጥ በሁለቱም ቦታ የማይከፍት ከሆነ ግን ችግሩን በገዛ ቤት መፈለግ ነው። በዚህች አንዲት የስልክ ጥሪ «መንግሥት ዘጋው» የሚለው ወሬ ከጨዋታው ወጣ።

ሦስተኛ፣ «ዲግ» በምትባለው ትእዛዝ ከላይ ጀምሬ ወረድኩ። ሥሮቹን ጠየቅኩ፤ ወደ ነጥብ ኢቲ መሩኝ። ነጥብ ኢቲን ጠየቅኩ፤ ወደ እኛ ወደ ሁለቱ ሰርቨሮች መራኝ። ስለዚህ ቴሌም ነፃ ወጣ! ከዚያ ሁለቱን የራሳችንን ሰርቨሮች ለየብቻ ጠየቅኳቸው። ሁለቱም «ሰርቭፌይል» ብለው መለሱ።

እዚህ ላይ ባለሙያ ነን የምትሉ ልብ በሉ። የስም ሰርቨር «አይሆንም» ሲል አንድ ዓይነት «አይሆንም» ብቻ አይደለም ያለው። «ኤንኤክስዶሜይን» ካለ «እንዲህ የሚባል ስም የለም» ማለቱ ነው፤ የፊደል ስህተት ወይም ያልተመዘገበ ስም ፈልጉ። «ሪፊውዝድ» ካለ «አንተን ማገልገል አልተፈቀደልኝም» ማለቱ ነው፤ ለማን እንዲመልስ እንደታዘዘ እዩ። ጨርሶ ዝም ካለ መንገዱ ተዘግቶበታል፤ ፖርት 53ን በፋየርዎሉ ላይ መርምሩ። ያውም ለዩዲፒ ብቻ ከፍታችሁ ቲሲፒውን ዘግታችሁት እንዳይሆን። ትንንሹ መልስ በዩዲፒ ያልፋል፣ ትልቁ መልስ ግን በቲሲፒ መምጣት ሲኖርበት መንገድ ላይ ይቀራል። ያኔ ደግሞ «አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም» እያላችሁ ጠበል ልትሄዱ ነው። «ሰርቭፌይል» ካለ ግን ሰርቨሩ «እኔው ራሴ ታምሜያለሁ» ማለቱ ነው። ታማሚ «አመመኝ» እያለ ሰው ማሰር ምን የሚሉት ሕክምና ነው?

አራተኛ፣ መዝገቡን ከፈትኩ። ዘጠኝ ቀን ወደ ኋላ ሄድኩ። ያቺ መስመር እዚያው ቁጭ ብላለች። የትኛው ስም አድራሻ እንደሌለው ለይታ፣ «በስህተት ምክንያት አልተጫነም» ትላለች። ስሙ ሁለት ጊዜ ተደራርቦ ተጽፏል። ሳየው ላብ አሰመጠኝ። ፋይሉ መጨረሻ የተነካው አርብ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የነካው ማን እንደሆነም ተጽፏል። የእኔ ስም!

ነጥቧን አስገባሁ። ከፋይሉ ራስጌ ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር ጨመርኩ። ይህም ብዙዎች የሚረሱት ነገር ነው። ረዳቱ አዲስ ነገር መኖሩን የሚያውቀው ቁጥሩ ሲያድግ ብቻ ነውና፣ ፋይሉን አርማችሁ ቁጥሩን ካልጨመራችሁ ዋናው አዲሱን፣ ረዳቱ አሮጌውን እያወሩ ሁለት ምላስ ይሆናሉ። ከዚያም ባይንድ ራሱ ይዞት በሚመጣው መመርመሪያ ፋይሉን ፈተሽኩት። አርብ ያቺን አንዲት ትእዛዝ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ስህተቴን በሴኮንድ ትነግረኝ ነበር። ሰርቨሩ እንዲያነብ አዘዝኩ። ረዳቱም ቀዳ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ተመለሰ። ምዝገባውም በሁለት ቀን ተራዘመ፤ የዚያች እናት ልጅ ሳይመዘገብ እንዳልቀረ ተስፋ አደርጋለሁ።

እንዲህ ያለ ስህተት በእኛ ላይ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 2009 ስዊድን ውስጥ በነጥብ ኤስኢ የሚያልቁ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስሞች በአንድ ማታ ከዓለም ተሰወሩ። ምክንያቱ ምን ነበር? ፋይሉን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም በስሞቹ መጨረሻ ላይ ነጥብ ሳያደርግ ቀርቶ! ያቺው ነጥብ፣ የእኔዋ ነጥብ። እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ደግሞ ማይክሮሶፍት አራቱንም የስም ሰርቨሮቹን በአንድ መስመር ላይ ደርድሮ ኖሮ፣ አንድ ባለሙያ በራውተር ላይ ባደረገው የተሳሳተ ለውጥ ምክንያት ለአንድ ቀን ገደማ ጠፋ። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» የሚለውን የነገራቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለስድስት ሰዓት ያህል የጠፋው በጥገና ላይ በተሰጠ አንድ ትእዛዝ ነው። የስም ሰርቨሮቹ ከዋናው መረብ ሲቆረጡ ራሳቸውን ከዓለም መንገድ አወጡ፤ ሠራተኞቹም ችግሩን ለማስተካከል ወደ ማሽኖቹ ለመድረስ ተቸገሩ።

እነዚህ ሁሉ ምን አደረጉ? ምን እንደተበላሸና እንዴት እንደተበላሸ በይፋ ተናገሩ። ሌላው አንብቦ ተማረበት። ይኸው እኔም አዲስ አበባ ተቀምጬ እጠቅሰዋለሁ። እኛ ጋ ግን የተበላሸው ነገር ሚስጥር ይሆናል፤ የሚታወጀው «አጥፊው» ብቻ ነው። ስለዚህ ማንም ምንም አይማርም። በሚቀጥለው ዓመት ያችው ነጥብ ሌላ ልጅ ትበላለች።

አንባቢ «መንግሥትን ነፃ ልታወጣ ነው እንዴ የመጣኸው?» እንዳይለኝ። ኧረ ወዲያ! ሰዉ አንድ ገጽ ባልከፈተ ቁጥር «ተዘጋ» የሚለው ዝም ብሎ አይደለም፤ ስንት ጊዜ ተዘግቶበታል! መንግሥት ራሱ በሰኔ 2010 ዓ.ም. 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች መፈታታቸውን ሲናገር ታስረው እንደነበር ማመኑ አልነበረም? ያ ተስፋ ገና ሁለት ዓመት እንደደፈነ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት አልባ አልሆነም? ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት በኋላ ትግራይ ውስጥ ያለ ሰው የእናቱን ድምፅ ለመስማት ስንት ወር ጠበቀ? በሩን የሚዘጋ አካል «ዘጋሁ፣ በዚህ ምክንያት፣ እስከዚህ ቀን» ብሎ ቢናገር ኖሮ ሕዝብ የተበላሸውን ከተዘጋው ይለይ ነበር። ያ ሲጠፋ ሁሉም ብልሽት ሴራ ይመስላል፤ እውነተኛው ሴራም «ብልሽት ነው» እየተባለ ያልፋል። በዚህ ጭጋግ ውስጥ የሚጠቀመው ማነው? ባለሥልጣኑና ትንሹ ባለሥልጣን፣ ማለትም የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ። አንዱ በቴክኒክ ያሳብባል፣ ሌላው በተረኛ ልጅ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ማክሰኞ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አርብ ነጥብ ረስቼ ነው፤ ልጁ ምንም አላደረገም» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ደብዳቤው እኮ ወጪ ሆኗል። ቁጥርና ቀን ተሰጥቶታል፣ ማኅተም አርፎበታል። አሁን ብናነሳው ሠራተኛው ምን ይለናል?» አሉኝ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያና የአሥራ አምስት ቀን ደመወዝ ቅጣት ነበር። «እንግዲያው ከእኔ ደመወዝ ይቆረጥ» አልኩ። «አንተማ ችግሩን ፈትተሃል!» ብለው ሳቁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ? ለእኔ የምስጋና ጭብጨባ! ያበላሸው ተጨበጨበለት፣ ያስነሳው ተቀጣ።

እኔም በዚያ ጭብጨባ መካከል ተነስቼ «ውሸት ነው!» አላልኩም። እውነቱን ለኃላፊው በጆሮ ነው የነገርኳቸው፤ ልጁ የተዋረደው ግን በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት የተዋረደን ሰው በዝግ ቢሮ ነፃ ማውጣት አይቻልም። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የቤት ኪራይ ሳልከፍል እንዳልቀር ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ልጁ ግን የተቆረጠበት ደመወዝ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ ከእሱ የምትጠብቅ እናትና ሁለት ታናናሾች ነበሩበት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራውን ለቀቀ። ባለፈው ሰሞን ፒያሳ አግኝቼው ቡና ጠጣን። አዲስ መሥሪያ ቤት ሊቀጥረው ፈልጎ የቀድሞ ማኅደሩን አስመጣ። ያቺ ደብዳቤ ከነቁጥሯ፣ ከነማኅተሟ እዚያው ናት። «አሻጥረኛ» ትላለች። «ጋሼ፣ ነጥቧን አንተ እንደረሳሃት ያን ጊዜም ገብቶኝ ነበር» አለኝ። «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ።»

ይኸው አሁን ተናገርኩ። ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ኃላፊዎች ይህን ጽሑፍ እንደምታነቡ አልጠራጠርም፤ በግልጽ ባትገዙትም ተደብቃችሁ ታነቡታላችሁ። ያቺን ደብዳቤ ከልጁ ማኅደር አውጡ። የአሥራ አምስት ቀን ደመወዙን መልሱለት፤ ከእኔ ለመቁረጥ ከፈለጋችሁ አድራሻዬን ታውቁታላችሁ። የሰርቨር ግልባጭ እንኳን በሰባት ቀን ዕድሜው ሲያልቅ፣ በሰው ላይ የተጻፈ ውሸት ለዘላለም መኖር አለበት?

ሰርቨር የምትጠብቁ ወጣቶች ደግሞ ስሙኝ። አርብ ከሰዓት በኋላ ፋይል አትንኩ። ከነካችሁም ሳትፈትሹና ሳታስነብቡ አትሂዱ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ መዝግቡ፤ ያ መዝገብ አንድ ቀን የጓደኛችሁን ስም ያነጻል። ረዳት ሰርቨር ስላላችሁ ዋናውን መጠየቅ አትተዉ፤ ደህና ረዳት የዋናውን ሞት ይደብቃል። ሁለቱንም በየቀኑ ለየብቻ ጠይቋቸው።

ሹማምንት ሆይ፣ እናንተም ከዚህች ማሽን ተማሩ። የማያውቀውን ሲጠይቁት «አላውቅም፣ የሚያውቀውን ጠይቁ» ይላል። ሲታመምም «ታምሜያለሁ» ይላል። የእናንተስ መልስ መቼ ነው እንደዚህ የሚሆነው?

ቸር ይግጠመን።